«መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይልም» ባዮች፦ የንፋስ መውጫ ዝርያዎች

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተረከው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በኢቢሲ ተከታታይ ድራማ ሆነ። ከንፋስ መውጫ ብርድ ሸሽቶ ቴሌቪዥን ያለበት ቡና ቤት የተጠጋ ተመራማሪ ግን የሚያጠናው ድራማውን ሳይሆን ተመልካቹን ነው። ተመልካቹም በሁለት ይከፈላል፤ ያነበበና አንብቤያለሁ ባይ።

ከአንብቤያለሁ ባዮች ቀዳሚው በጆሮው ያነበበው ነው። መጽሐፉን ገልጦ አያውቅም፤ ወጋየሁን ግን ሰምቷል። ፊታውራሪ መሸሻ ገና ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ «ድምፃቸው ይኼ አይደለም!» ይላል። ሐዲስ ራሳቸው ከመቃብር ተነሥተው ቢያነቡለት «ጋሼ፣ አልቻሉበትም» ከማለት አይመለስም። በዚህ ነጥብ ላይ ተመራማሪው ገለልተኛ ነኝ ቢል ይዋሻል፤ ጉዱ ካሣ ለእሱም ድምፅ እንጂ ፊት ኖሮት አያውቅም።

 

ምሁራን ችላ ያሉት ዝርያ ደበሎ መርማሪው ነው። ንፋስ መውጫ ያለችበት ጋይንት ዙር አባ ላይ ዝማሬ መዋሥዕት፣ ቤተልሔም ላይ ድጓ የሚመሰከርበት አገር ነው። ስለዚህ በየጠረጴዛው ቢያንስ አንድ የቀድሞ የቆሎ ተማሪ አይጠፋም። በዛብህ ያለበት ታሪክ ደግሞ ያለ ቤተ ክህነት ተማሪ አይሆንም። ደበሎ የለበሰ ተዋናይ ብቅ ሲል መርማሪው የአረቄ መለኪያውን ቀስ ብሎ ያስቀምጣል።

ምርመራው ከታች ይጀምራል። እግሩ ተሰነጣጥቋል? ውሻ የነከሰው ጠባሳ አለ? ዱላውስ ለውሻ ነው ለፎቶ? ከዚያ አኩፋዳው ይታያል። «ባዶ ነው! ቁራሽ የያዘ አኩፋዳ እንዲህ አይወዛወዝም፤ ትከሻ ይጎትታል።» በመጨረሻም ደበሎው ራሱ ይቀርባል። እዚህ ላይ መርማሪዎች በሁለት ጎራ ይሰለፋሉ፤ ጠጉሩ ወደ ውስጥ ይዙር የሚሉና ወደ ውጭ ይዙር የሚሉ። የመጀመሪያዎቹ ብርድን፣ ሁለተኛዎቹ ዝናብን ይጠቅሳሉ። ሦስተኛ ወገን «ቁንጫ የሌለበት ደበሎ በየትኛውም በኩል ቢዞር ደበሎ አይደለም» ብሎ ሁለቱንም ያወግዛል። ነፋስ ዲሹን አዙሮ ምስሉን ቢወስደው እንኳ ጉባኤው አይበተንም። ምስሉ ሲመለስ ሰብለ ወንጌል መጥታ ሄዳለች፤ ማንም አላያትም።

የቀረው ያነበበው ነው። ሰፊ ምዕራፍ ታስቦለት ነበር፤ ነገር ግን አንድ ብቻ ተገኘ። እሱም ጋቢውን ተከናንቦ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሁሉንም ያውቃል፤ አበጀ በለውን፣ የሰብለን ስደት፣ ሁሉንም። አፉን ሊከፍት ሲል ግን ቤቱ በአንድ ድምፅ ይጮኽበታል፦

«መጨረሻውን እንዳትነግረን!»

ቴሌቪዥኑ ላይ የድራማው ርዕስ በትልቁ ተጽፏል።