ተሸናፊ የሌለበት ጨዋታ፦ የአሌክስ ሐንተር ታሪክ በደብረ ማርቆስ ጌም ቤት ያስነሣው የሕግ፣ የትርጓሜና የዕርቅ ጥያቄ

መግቢያ

የጌም ቤት ሕግ አጭር ነው፦ ተሸናፊ ይከፍላል። በነጋሪት ጋዜጣ አልወጣም፤ ግድግዳም ላይ አልተለጠፈም። ነገር ግን ከደብረ ማርቆስ እስከ ደጀን፣ ከደጀንም ዓባይን ተሻግሮ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ጆይስቲክ የጨበጠ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ሕጉ ያለ እንከን የሠራው ሁለት ተጫዋችና አንድ ተሸናፊ እስካሉ ድረስ ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው ኩባንያ የእግር ኳሱን የቪዲዮ ጨዋታ ፊፋ 17ን ሲያወጣ ግን በውስጡ «ዘ ጆርኒ» የሚባል፣ አሌክስ ሐንተር የተባለ ባለታሪክ፣ ወግና ለቅሶ ያለው ጨዋታ ጨመረበት። የሚጫወተው አንድ ሰው ነው። ተጋጣሚው ማሽኑ ነው። ማሽኑ ደግሞ ቢሸነፍም አይከፍልም።

ይህ ጥናት የተነሣው ከዚህ ክፍተት ነው።

ለመዝገብ ያህል፣ ፊፋ 17 በአሜሪካ ለገበያ የዋለው መስከረም 17 ቀን፣ በመስቀል ዕለት ነበር። ታሪኩን የቀጠሉት ፊፋ 18ና ፊፋ 19ም በየዓመታቸው በዚያው በመስቀል ሰሞን ወጥተዋል። አጥኚው ስለ ግጥምጥሞሹ የሚለው የለውም። ወቅቱ የደብተር መግዣ ብር በልጆች ኪስ የሚያድርበት መሆኑን ብቻ ያስመዘግባል።

ቀደምት ሥራዎች

ታሪክ በሌለው ጨዋታ ላይ ታሪክ መቀጠል በፊፋ አልተጀመረም። ማይንክራፍት ድንጋይ እየፈለጡ፣ እንጨት እየቆረጡ፣ ያሻን የሚገነቡበት ጨዋታ ነው። ቴልቴል የተባለው ኩባንያ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከዚህ ጨዋታ «ስቶሪ ሞድ» የሚል፣ በክፍል በክፍል የሚቀርብ ታሪክ አወጣ። መጀመሪያ አምስት ክፍል ታስቦ ነበር፤ ሦስት ተጨመረበትና ስምንት ሆነ። ልጆች ወደዱት። ጎልማሶቹ ግን ሁለት አቤቱታ አቀረቡ፦ አንደኛ፣ ይህ ጨዋታ ነው ወይስ ፊልም? ሁለተኛ፣ ምረጡ ተብለን የመረጥነው ነገር ምንም ለውጥ አላመጣም። ሁለተኛው አቤቱታ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ ስላልሆነ ማብራሪያ አንሰጥበትም። ኩባንያው በመስከረም 2011 ዓ.ም. አብዛኞቹን ሠራተኞቹን አሰናበተ።

ለጎጃም በክፍል በክፍል የሚመጣ ታሪክ አዲስ አይደለም። ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቀው እንዶዳም የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብርን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ፤ በኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ተረከው። የዚያ ዘመን አድማጭ አዝራር አልነበረውም። የበዛብህን ስእለት የሚያስፈርስ፣ ፊታውራሪ መሸሻን የሚያለዝብ፣ ጉዱ ካሣን ቀደም ብሎ የሚያሰማ ምርጫ አልቀረበለትም። የቀረበለት ለቅሶ ብቻ ነበር፤ እሱንም በነጻ አለቀሰ። የሐንተር ተመልካች በአንጻሩ ከፍሎ ነው የሚያለቅሰው። በተጨማሪም ለደረሰው ጥፋት ተጠያቂ የሚሆን ሰው አጠገቡ፣ እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጦለታል።

የጥናቱ ዘዴ

ጥናቱ የተካሄደው ስሙ በማይጠቀስ አንድ የደብረ ማርቆስ ጌም ቤት ነው። የናሙናው መጠን በአግዳሚው ርዝመት የተወሰነ ሲሆን፣ ቆመው የሚያዩት እንደ ታዛቢ ተቆጥረዋል። መሣሪያዎቹ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ፕሌይስቴሽን 4ና ሁለት ጆይስቲክ ናቸው። አንደኛው ጆይስቲክ የአውራ ጣቱ ጎማ ተልጦ በብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ የተጠቀለለ ነው፤ ወደ ግራ ሲገፉት ትንሽ ያመነታል። ሐንተር በግራ ክንፍ የሳታቸው ኳሶች ሁሉ በዚህ ጎማ የተመካኙ ስለሆነ፣ የባለታሪኩ ችሎታ በዚህ ጥናት አልተገመገመም።

አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፦ ፊፋ 17 ለፕሌይስቴሽን 3ም ወጥቷል፤ ታሪኩ ግን እዚያ ውስጥ የለም። ሆኖም ስለ ታሪኩ እጅግ የጸናው፣ ማስረጃም የማያነቃንቀው አስተያየት የተሰበሰበው ፕሌይስቴሽን 3 ካለበት ከማዶው ቤት ልጆች ነው። አጥኚው ይህን እንደ ችግር አላየውም። በአገራችን ስለ መጽሐፍ የሚጻፈውን ሂስ የሚያውቅ ሰው አይደነግጥም።

ግኝት አንድ፦ የጉባኤው አለመግባባት

አሌክስ ሐንተር የለንደኑ የክላፋም ሠፈር ልጅ፣ የ17 ዓመት ጎረምሳ ነው። አያቱ ጂም በዘመናቸው ስመ ጥር ኳስ ተጫዋች ነበሩ። ጌሬት ዎከር የሚባል አብሮ አደግ ጓደኛ አለው። ታሪኩ ተጫዋቹን የመጀመሪያውን ከባድ ጥያቄ የሚጠይቀው እዚህ ላይ ነው፦ ከፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች ሐንተር ለየትኛው ይፈርም?

የታሪኩ ደራሲዎች ይህን ጥያቄ የጻፉት ብቻውን ሶፋ ላይ ለተቀመጠ ሰው ነው። በደብረ ማርቆስ ጥያቄው የቀረበው ለአርሰናል፣ ለማንቸስተር ዩናይትድ፣ ለቼልሲና ለሊቨርፑል ደጋፊዎች ጉባኤ ነበር። የአርሰናል ወገን «ልጁ የለንደን ነው፤ ወዴት ይሰደዳል?» ሲል የትውልድ ቦታን መሠረት ያደረገ ክርክር አቀረበ። የዩናይትድ ወገን «ዋንጫ የሚፈልግ ልጅ ነው» አለ። የአርሰናል ወገን «ያንተ ዋንጫ የት አለ?» ሲል መለሰ። ክርክሩ ከዚህ በኋላ ከሐንተር ጋር የነበረውን ግንኙነት አቋረጠ። ጨዋታው በሰዓት የሚከፈልበት ስለነበር የቤቱ ባለቤት ሊገላግሉ አልቸኮሉም።

ግኝት ሁለት፦ ትርጓሜ

ታሪኩ በእንግሊዝኛ ይነገራል። አግዳሚው በዚህ አልተቸገረም፤ ቅኔን ከዋሸራ፣ ከጎንጅና ከዲማ ሲቀዳ የኖረ አገር ቃሉ ባልገባው ነገር ላይ ምሥጢር አያጣም። ከመካከላቸው በእንግሊዝኛ ፈተና የተሻለ ያመጣው ልጅ ነጠላ ትርጉሙን ይሰጣል፤ ቀሪው ጉባኤ ሐተታውን ይቀጥላል። ለአብነት፣ አሠልጣኙ ሐንተርን አስጠርቶ ረዘም ያለ ነገር ተናገረው። ተርጓሚው «ትወጣለህ አለው» ብሎ ዘጋ። ከዚያ በኋላ የተመዘገበው ይህ ነው፦

«አንድም ልምምድ ላይ ሰንፈሃል ሲል ነው።»

«አንድም ለአዲሱ ሰውዬ ቦታ ልቀቅ ሲል ነው።»

«አንድም ዘመድ የለህም ሲል ነው።»

ሦስተኛው ትርጓሜ ያለ ተቃውሞ ጸደቀ። እውነታው ሁለተኛው ነበር፦ ክለቡ ሃሪ ኬንን የመሰለ አጥቂ አምጥቶ ሐንተርን ወደ ታችኛው ሊግ በውሰት ሊልከው ነው፤ ምርጫውም ኒውካስል፣ ኖርዊች ወይም አስቶን ቪላ ነው። ጉባኤው ግን እውነታው ከታወቀም በኋላ ከሦስተኛው ትርጓሜ ፈቀቅ አላለም። «ዘመድ ቢኖረው ኬን ነበር በውሰት የሚሄደው» የሚለው መከራከሪያ እስካሁን አልተረታም።

የዎከር ነገር ትርጓሜ አላስፈለገውም። ጓደኛው ወደ ባላንጣው ክለብ ሲዛወር አግዳሚው በአንድ ድምፅ «ከሃዲ!» አለ። ዎከር በስክሪኑ ላይ በታየ ቁጥር ይኸው ቃል ተደግሟል፤ በኋላ የገቡ፣ ምን እንደተፈጸመ ያልሰሙ ልጆችም ተባብረዋል።

ግኝት ሦስት፦ አያ ጂም

አግዳሚው ሳይከፋፈል የተቀበለው አንድ ሰው ብቻ ነው። አያትየው ጂም ገና በሁለተኛው ትዕይንት «አያ ጂም» ተብለዋል፤ እርሳቸው ሲናገሩ ቆሎ መቆርጠም ይቆማል። የመዝለያውን አዝራር ሊጫን የሞከረ ልጅ «ሽማግሌ እየተናገረ!» ተብሎ ተገሥጿል። ይህ ሥርዓት ለአሠልጣኙ፣ ለወኪሉም ሆነ ለእናቱ አልተደረገም።

ወላጅ አባቱ ሃሮልድ የገጠማቸው አቀባበል ሌላ ነው። ቤተሰቡን ጥለው የሄዱ ሰው ናቸው፤ በፊፋ 18 ሎስ አንጀለስ ላይ ሲገኙ ኪም የምትባል ልጅ እንዳለቻቸውም ይታወቃል። በሌላው ዓለም ተጫዋቹ እዚህ ላይ አዘነ ወይም ተናደደ። በደብረ ማርቆስ የተነሣው ጥያቄ ሥርዓትን የተመለከተ ነበር፦ ሽማግሌ ለምን አልተላከም? አያ ጂም እያሉ ልጅ ብቻውን ከአባቱ ጋር አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚነጋገረው በምን ወግ ነው? የታሪኩ ደራሲዎች ለዕርቅ የሚሆን አንድም ትዕይንት እንደ ወጉ አለማዘጋጀታቸው እንደ ትልቅ ግድፈት ተይዟል።

በዚያው በፊፋ 18 ሐንተር ወደ ሪያል ማድሪድ ሊዛወር ነው ተብሎ ነገሩ የአጭበርባሪ ሥራ ሆኖ ይገኛል፤ ልጁም ወደ ኤልኤ ጋላክሲ ይሄዳል። ደራሲዎቹ ይህን ተመልካችን የሚያስደነግጥ ዕጥፋት አድርገው ነው ያዘጋጁት። አግዳሚው ላይ የደነገጠ አልተገኘም። «ደላላው ቀብድ ሳይቀበል ሲቀር እኮ ነው የጠረጠርኩት» ያለ አለ። ቤት፣ በሬ ወይም ሲም ካርድ በደላላ ገዝቶ የሚያውቅ ቤተሰብ ልጅ በእንዲህ ያለ ነገር አይደነግጥም።

ግኝት አራት፦ ክፍል የሚከፍለው ማን ነው?

ፊፋ 18 ታሪኩን በስድስት ምዕራፍ ከፍሏል። በደብረ ማርቆስ ምዕራፍ የሚዘጋው መብራት ሲጠፋ ነው። መብራት ኃይል የትረካ ጥበብ ባይማርም የሚያቋርጥበትን ቦታ ያውቃል፦ ፍጹም ቅጣት ምት ሲመታ፣ አያ ጂም አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጨዋታው ሴቭ ከመደረጉ በፊት። መብራት ሲመጣ ሐንተር ያገባው ጎል አልገባም፤ የተናገረው ቃል አልተነገረም። የአግዳሚው ሰው ግን ሰምቷልና «ብለኸው የለ?» እያለ ባልተመዘገበ ታሪክ ይከራከራል።

ሌላም አለ። ሐንተር በቤቱ ማሽን ላይ አንድ ብቻ ነው። የጠዋቱ ልጅ ትሑት አድርጎ ያሳደገውን የማታው ልጅ ያበላሸዋል። በማግሥቱ ጠዋት የመጣው ባለአደራ ሐንተር ጋዜጠኛ ፊት ሲደነፋ አግኝቶት «ማን ነው ልጁን እንዲህ ያደረገው?» ብሎ ሲጠይቅ ተሰምቷል።

ግኝት አምስት፦ ተሸናፊው ተገኘ

ታሪኩ ሐንተር በተጠየቀ ቁጥር ሦስት ዓይነት መልስ ያቀርባል፦ ቁጡ፣ ረጋ ያለና መካከለኛ። ቁጡ መልስ የደጋፊ ቁጥር ይጨምራል፤ ረጋ ያለው አሠልጣኙን ደስ ያሰኛል። ለመምረጥ የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ነው። የአግዳሚው ሸንጎ በጥቂት ሴኮንድ የተስማማበት ነገር እስካሁን «ከሃዲ» የሚለው ብቻ ስለሆነ፣ ጆይስቲክ የያዘው ልጅ ከጩኸቱ ጎልቶ የሰማውን ይጫናል። ኩባንያው ምርጫው የተጫዋቹ ነው ብሎ ሸጦታል። በተግባር ተጫዋቹ የሸንጎው ጸሐፊ ነው፤ ጣቱን ያዋጣል እንጂ ሐሳብ አይጠየቅም።

እዚህ ላይ የሕጉ ክፍተት በራሱ ጊዜ ተደፈነ። ሐንተር ቁጡ መልስ ሰጥቶ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሲቀመጥ አግዳሚው ወደ ማሽኑ አልተመለከተም፤ ወደ መካሪው ዞረ። «አንተ ነህ ንገረው ያልከው!» መካሪው «እኔ ንገረው አልኩ እንጂ እንዲህ ንገረው አልኩ?» ሲል ተከላከለ። ክርክሩ ብዙ አልቆየም። የሰዓቱን ሒሳብ መካሪው ከፈለ። ከዚያ ወዲህ በቤቱ የጸናው ሕግ ይህ ነው፦ ተሸናፊ በሌለበት መካሪ ይከፍላል። ሕጉ ከወጣ በኋላ የምክር ብዛት ቀንሷል፤ ጥራቱ ግን አልተሻሻለም።

በሌላ አገር ስለ እንዲህ ያለ ጨዋታ የሚነሣው ትልቁ ቅሬታ ምርጫ ውጤት የለውም የሚል ነው። በደብረ ማርቆስ ይህን ቅሬታ ያቀረበ አልተገኘም። እዚህ ምርጫ ውጤት አለው፤ ውጤቱም ከኪስ ይወጣል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው የ«ዝለለው» እና የ«ተወው ይናገር» ወገኖች ክርክር ነው። በሰዓት የሚከፍለው ወገን ወሬው ተዘልሎ ወደ ኳሱ እንዲገባ ይሻል። የቤቱ ባለቤት ግን እያንዳንዱ ትዕይንት እስከ መጨረሻው እንዲታይ ያሳስባሉ፤ «ታሪኩን ካላያችሁ ምን ገባችሁ?» ይላሉ። ለሥነ ጽሑፍ ያላቸው ፍቅር ሒሳቡ ከግጥሚያ ወደ ሰዓት ከተለወጠ ወዲህ የዳበረ ነው።

ምክረ ሐሳብ

አንደኛ፣ ከክለብ ምርጫው በፊት የቤቱ ሰዓት ቢቆም።

ሁለተኛ፣ አያ ጂም በሚናገሩበት ጊዜ የመዝለያው አዝራር እንዳይሠራ ቢደረግ፤ ዎከር ሲናገር ግን ሁለት አዝራር ቢፈቀድ።

ሦስተኛ፣ የሐንተር ታሪክ በፊፋ 19 ስለተዘጋ፣ ኩባንያው ከፊፋ ስም ጋር ተለያይቶ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ «ኤፍሲ» ብሎ በጀመረው ጨዋታ ላይ እንዲህ ያለውን ታሪክ ዳግም የሚያስብ ከሆነ ሦስቱን መልሶች እንደገና ቢመረምር። ቁጡ፣ ረጋ ያለ፣ መካከለኛ ብሎ ሰውን ከፍሎ መጨረስ ጎጃምን አለማወቅ ነው። በዚህ አገር አለቃው ፊት የቀረበ ሰው የሚሰጠው አራተኛ መልስ አለ፤ እሱም ሰምና ወርቅ ያለው ነው። ሐንተር ይህን ሲመርጥ አሠልጣኙ ይሥቃሉ፤ የመወደዱ መስመርም ወዲያው እስከ ጫፍ ይሞላል። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሰውየው ነገሩን ልምምድ ሜዳ ላይ ሲያብሰለስሉት ቆይተው ሲገባቸው፣ መስመሩ ወደ ዜሮ ይወርዳል። በዚያን ጊዜ ግን ሐንተር ሁለት ግጥሚያ ተሰልፎ ተጫውቷል።