ለረግረግ ሊቃውንት የተሰጠ ማዕርግ

ከጥንተ ፍጥረት ጀምሮ ውሃ ሲያቁር፣ ቄጠማ ሲያበቅልና እንቁራሪት ሲያስተናግድ የኖረ ጨፌ፣ ጨፌነቱን የሚመሰክርለት ባለማኅተም ሊቅ ሳይኖረው ይህን ያህል ዘመን በምን ተጽናንቶ እንደ ቆየ እንጃ! ምስጋና ለአሜሪካዊቷ ግዛት ለቨርጂንያ ይግባትና፣ ዛሬ ረግረጉን ከደረቁ መሬት ለይቶ ወሰኑን በካርታ የሚያሰፍር ባለሙያ፣ ትምህርቱና ልምዱ በመንግሥት ቦርድ ተመርምሮ፣ ፈተናውንም አልፎ፣ የምስክር ወረቀት ይቀበላል።

በሙያው አልዘብትም። እ.ኤ.አ. በ1987 የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ጓድ ያወጣው የረግረግ መለያ መመሪያ ሦስት ምስክሮችን ይጠራል፤ ውሃ የሚወድ ዕፅ፣ በውሃ ታፍኖ አየር ያጣ አፈርና የውሃው የራሱ አሻራ። ስለዚህ ሊቁ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ጉድጓድ ይምሳል፤ ጓሉን ማንሴል ከተባለው የቀለም መጽሐፍ ገጽ እያስጠጋ ግራጫነቱን ይመረምራል፤ የተበላሸ እንቁላል ሽታ አፍንጫውን ሲመታው ደስ ይለዋል፤ በመጨረሻም ቁጥር የተጻፈበትን ሮዝ ጥብጣብ ከቅርንጫፍ አስሮ «ወሰኑ ይህ ነው» ይላል።

የቨርጂንያ ሕግ አውጪዎች ጥበብ የሚደነቀው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ወረቀቱ በፈቃድ እንጂ በግዴታ ስላልሆነ፣ ያልተፈተነው ሰውም ጥብጣቡን ይዞ ወደ ጫካ ቢወርድ ከልካይ የለውም፤ የተከለከለው ማዕርጉን ለራሱ መስጠት ብቻ ነው፤ ይኸውም ቅዳሴውን የወደደ ሁሉ ይቀድስ፣ ብቻ ቄስ ነኝ አይበል እንደ ማለት ነው። እነሆ የባለሙያው ስም በጽኑ ቅጥር ሲከበብ የጨፌው ወሰን ለሂያጅ ለመጪው ተተወ። የለኪውን ዋጋ የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ በዚያው መሬት ላይ ሊገነባ ያሰበው ሰው መሆኑንም ማኅተሙ፣ ከትሕትናው የተነሣ፣ አላየሁም ይላል።

ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሳኬት በተባለው የክስ ጉዳይ፣ በአምስት ዳኞች ድምፅ፣ የፌዴራሉ የንጹሕ ውሃ ሕግ የሚደርስለት ከወንዝ ወይም ከሐይቅ ጋር በገጸ ምድር ያለማቋረጥ ለተገናኘ ረግረግ ብቻ ነው ሲል ፈረደ። እንግዲህ በጎርፍ መከላከያ ግንብ ከወንዙ ተለይቶ ማዶ የቀረ ጨፌ ሦስቱም ምስክሮች ቢቆሙለት፣ የግዛቱ የራሱ ሕግ ካልታደገው በቀር፣ ጠበቃ የለውም። ሊቁ ግን አንዳች አይጎድልበትም፤ ያ ጨፌ ነገ በአፈር ተደልድሎ የመኪና ማቆሚያ ቢሆን እንኳ፣ የምስክር ወረቀቱን ማደሻ ገንዘብ በጊዜው እስከ ከፈለ ድረስ ማዕርጉ ይጸናል።