የክቡር የኬላ ገመድ የሕይወት ታሪክ፤ አንኮበር፣ ጎረቤላ ላይ ለተሰበሰቡ ለቀስተኞች የተነበበ

የተከበራችሁ የእድር ዳኞች፣ ከአልዩ አምባ ዳገቱን ወጥታችሁ፣ ከደብረ ብርሃን ብርዱን ታቅፋችሁ የመጣችሁ ለቀስተኞች፤ እግዜር ይስጥልን። ወንበር ያልደረሳችሁ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ጆንያው ባዶ ነው፤ ደረሰኝ አይጠየቅበትም።

እንደ አገሩ ደንብ የሟችን የሕይወት ታሪክ አነባለሁ። ለዚህ የተመረጥኩት ለሟች ቅርብ ዘመድ ስለሆንኩ አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ እርሳቸው ፊት ወረቀት ስዘረጋ ስለኖርኩ፣ ወረቀት ለማንበብ ከእኔ የተሻለ ሰው ጠፋ።

ክቡር የኬላ ገመድ ከአባታቸው ከባላምባራስ ቀረጥ እና ከእናታቸው ከእመት ጥርጥር ተወለዱ። ዓመቱን የሚያውቅ የለም። የሰውን ሁሉ ስም፣ መነሻና መድረሻ ሲጠይቁ ኖሩ እንጂ የራሳቸውን የጠየቃቸው አልተገኘም። በልጅነታቸው ጠፍር ነበሩ ይባላል፤ ጎልምሰው የቃጫ ገመድ ሆኑ፤ በስተርጅና ሰማያዊ ናይለን። መሐላቸው ላይ ቀይ ጨርቅ የተንጠለጠለላቸው መኪና ከመጣ ወዲህ ነው። ትምህርት አልተማሩም፤ የሚያውቁት ሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ መወጠርና መላላት። በዚህች እውቀት ከንጉሥ እስከ ሊቀ መንበር ሁሉንም አገልግለዋል።

አገልግሎታቸውን በዚህ ሰፈር የጀመሩት መቼ እንደሆነ ባይታወቅም፣ ስማቸው የገነነው በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ነው። ያን ጊዜ አንኮበር የሸዋ መናገሻ፣ አልዩ አምባ ደግሞ የሸዋ ገበያ ነበረች። ከታጁራ የሚነሳው ቅፍለት በአፋር በረሃ ጨውና ጨርቅ ጭኖ ይመጣል፤ አርብ አርብ ደገኛውና ቆለኛው፣ አርጎባውና አፋሩ እዚያ ይገናኛል። የሸዋን በር የሚጠብቁት ወላስማ መሐመድ ናቸው፤ እስር ቤታቸውም ጎንጮ፣ እዚያው በሩ አጠገብ። ያለ ንጉሡ ፈቃድ የሚገባ የለም። የገባ እንግዳ ደግሞ እንዳሻው አይወጣም። ሟች የሥራ ፍቅር የተማሩት እዚያ ነው።

እዚህ ላይ ቀልዱን ላፍታ ልተወው። ከአልዩ አምባ አጠገብ፣ አብዱል ረሱል በሚባለው ገበያ ሰው ይሸጥ ነበር። እህል የጫነ ነጋዴ ሲታገት፣ ሰው የነዳ ነጋዴ ቀረጡን ከፍሎ ያልፋል። ስለዚህ የጥንቱን ገበያ ስናወድስ ምራቃችንን ዋጥ እናድርግ። ያኔ ነፃ የነበረ ነገር ካለ ዋጋው ነው፤ ሰው አልነበረም።

የሟች የመጀመሪያ ቀብር የተፈጸመው ኅዳር 1834 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ ነው። አዎ፣ የመጀመሪያ አልኩ። ካፒቴን ሃሪስ የሚባል የእንግሊዝ መልእክተኛ ስጦታውን አስጭኖ መጥቶ ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ሃሪስ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ እንደሚኩራራው በዚያ ውል ሦስት ነገሮች ተሻሩ፦ አገር ውስጥ የሞተ የውጭ ሰው ንብረት ለዙፋኑ መወረሱ፣ ተራው ሰው ውድ ዕቃ ገዝቶ እንዳይታይበት መከልከሉ፣ ሰው ከግዛቱ ውስጥም ሆነ ወደ ውጭ እንዳይንቀሳቀስ የተጣለው እገዳ። የንብረት፣ የገበያና የመንገድ ነፃነት፣ ሦስቱም በአንድ ብራና። አውሮፓ ውስጥ እንኳ ይህን ሁሉ ለሕዝባቸው ያልሰጡ ነገሥታት በነበሩበት ጊዜ! ለቀስተኛው ንፍሮ በልቶ ተበተነ።

ብዙም ሳይቆይ ውሉን ሲያግባባ የነበረው ሚስዮናዊ ክራፕፍ ለጉዳዩ ከሸዋ ወጣ፤ ተመልሶ ልግባ ሲል በሩ ተዘጋበት። የሃሪስም ጓድ በ1835 ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። ሟች ከመቃብራቸው ተነሥተው አቧራቸውን አራግፈው ሥራ ገቡ። እርግጥ በንጉሡ ላይ ብቻ መፍረድ አይገባም፤ እንግሊዞቹም የሰውን ደጅ ለማስከፈት የተጓዙትን ያህል የራሳቸውን አልከፈቱም። ሕንድ ውስጥ ጨው ሳይቀረጥ እንዳያልፍ ብለው በሺህ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር የጉምሩክ መስመር ዘርግተው፣ ብዙውን ቦታ የእሾህ አጥር ተክለውበት ነበር። የፈረሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1879 ነው። ለሟች የአጎት ልጅ መሆኑ ነው፤ ከሐዘኑ ብዛት የተነሣ ዛሬ አልመጣም።

በአጤ ምኒልክ ዘመን ሟች ነጋድራስ በሚባሉ ሹማምንት ሥር ሠርተዋል። ይህን ዘመን በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ አንድ ሰው ግን ሳላነሣ ባልፍ አጥንቱ ይወቅሰኛል። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ራሱ በኋላ የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኗል፤ ማለትም ገመዱን የሚይዘው እጅ የእርሱ ነው። ይኸው ሰው ግን «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በሚለው ጽሑፉ ግብር በልክ እንዲወሰን፣ ጉምሩክ ሥርዓት እንዲይዝ፣ የመንግሥት ገንዘብ ከንጉሡ ገንዘብ እንዲለይ ለመነ። ገመዱ ይላላ ብሎ ገመዱን የያዘ ሹም ከዚያ በፊትም በኋላም ብዙ አላየንም። በ1911 ዓ.ም. ገና በወጣትነቱ ሞተ። ለእርሱ ዛሬም ቢለቀስ ያንሰዋል።

በዚህ ሰፈር ሟችን ከልብ ያሳመማቸው ግን ውልም መጽሐፍም አይደለም፤ ባቡር ነው። ሐዲዱ ከጂቡቲ ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ሲዘረጋ ነጋዴው ወደዚያው ዞረ። ቤተ መንግሥቱም ቀድሞ ወደ እንጦጦ ሄዶ ነበር። የአልዩ አምባ ገበያ ቀዘቀዘ፤ ገመዱ ተወጥሮ የሚያግተው አጣ። ልብ በሉ፣ ነጋዴ አልተዋጋም፣ አቤቱታም አላቀረበም፤ ሌላ መንገድ ሲያገኝ ዝም ብሎ ሄደ። የቀረነው እኛ ነን፤ እኛና ገመዱ።

አሁን ወደ ወርቃማው ዘመናቸው ልምጣ።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲነገር ጭሰኛው እልል ያለው ከልቡ ነው፤ እዚህ ድንኳን ውስጥ ያሉ አባቶች ይመሰክራሉ። እርቦና ሢሶ ቀረ። ግን መሬቱን የሰጠው እጅ ብዙም ሳይቆይ ወደ ጎተራው ተመለሰ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቋመ። በ1968 የወጣ አዋጅ ደግሞ የግል ነጋዴውን ካፒታል በጣሪያ አሰረው፤ ኢንዱስትሪ ከግማሽ ሚሊዮን ብር እንዳያልፍ፣ አንድ ሰውም ከአንድ የንግድ ፈቃድ በላይ እንዳይዝ። ቀጥሎ ኮታ መጣ። ጎጃምና አርሲ ውስጥ የግል እህል ነጋዴ ጭራሹን ታገደ። እንደ ሸዋ ባለው ክፍለ ሀገር ባለፈቃዱ ነጋዴ ከገዛው ግማሹን ለድርጅቱ፣ ድርጅቱ በቆረጠው ዋጋ ያስረክባል። ይህን ሁሉ የሚያስፈጽም ታማኝ አገልጋይ ያስፈልግ ነበርና ሟች ተጠሩ። በየከተማው መግቢያ ተወጠሩ።

ኮታው የተመደበው በገበሬ ማኅበር ነው፤ ዝናብ ግን ማኅበርተኛ አልሆነም። አዝመራው የከዳው ገበሬ ምን ያደርጋል? በሬውን ወይ በጉን ይሸጥና ገበያ ይወርዳል፤ እህል በገበያ ዋጋ ይገዛል፤ ተሸክሞ ሄዶ ከገዛበት ባነሰ ዋጋ ለመንግሥት ይሸጣል። ይህን ለልጆች ስንነግራቸው ያላገጥንባቸው ይመስላቸዋል። ገበሬ ከገበያ እህል ገዝቶ «አመረትኩ» ብሎ ያስረከበበት፣ ድርጅቱም «ኮታው ተሟላ» ብሎ የጻፈበት አገር ነው። ሪፖርቱ ያምር ነበር።

የአንኮበር ሰው ደግሞ ኑሮው በዳገቱ ላይ ነው። ላይ ገብስና ባቄላ፣ ታች ማሽላና ጥጥ፣ ከዚያ ወዲያ የአፋር ጨውና ቅቤ። አንዱ ሌላውን ካላገኘ ሁሉም ጎደሎ ነው። እዚህ ዳገት ላይ መነገድ ሀብት ማካበት አይደለም፤ እራት ማሟላት ነው። በዚህ መካከል ገመድ ሲወጠር ደገኛው ማሽላ፣ ቆለኛው ገብስ አጣ። ከተወሰነ ኪሎ በላይ የያዘ መንገደኛ ይወረሳል፤ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ለመሄድ ከቀበሌ ይለፍ ያስፈልጋል። እህልና ሰው በአንድ ገመድ ታሰሩ። ይለፍ ለማግኘት ደግሞ ስብሰባ መገኘት፣ መዋጮ መክፈል፣ ከሁሉ በላይ አፍን መያዝ ይጠይቃል። ስለ እህል ዋጋ ያጉረመረመ ሰው እናቱን ለመቅበር መሸኛ ሊያጣ ይችላል። የነጋዴው ጉዳይ ነው ብሎ ዝም ያለው አስተማሪም፣ ደብዳቤ የሚጽፈውም፣ ቄሱም ገመዱ ሥር ሲደርሱ ነገሩ የራሳቸው መሆኑን አወቁት።

በ1977ቱ ረሃብ ወሎና ሰሜን ሸዋ ሲጠወልግ፣ እህል ካለበት ወደሌለበት ላድርስ የሚል ነጋዴ ስሙ የኢኮኖሚ አሻጥረኛ ነበር። በዚያ ዘመን የመንቀሳቀስና የመነገድ ነፃነት ጠበቃ ሆኖ ማን ቆመ ብትሉኝ፣ ያለ ይሉኝታ እነግራችኋለሁ፦ አህያ። ኬላው የሚቆመው መንገድ ላይ ነው፤ አህያ ግን ሌሊት ከተነዳች ገደሉም መንገዷ ነው። ደርግን የተከራከረው በዚህ በኩል ማኒፌስቶ አልነበረም። በጨለማ የሚነዳ ጭነት፣ ጥጥ ሥር የተደበቀ ጤፍ፣ እንስራ ውስጥ የተቋጠረ በርበሬ፣ እነዚህ ነበሩ። የተያዘው ታሰረ፤ ያልተያዘው ቤተሰቡን አበላ። ሐውልት የሠራላቸው የለም። የአህያ ሐውልት ብንጠይቅ ማዘጋጃ ቤቱም ይስቅብናል።

ሁለተኛው ቀብር የካቲት 26 ቀን 1982 ዋለ። የደርጉ ሊቀ መንበር የነበሩት ፕሬዚዳንት ራሳቸው ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጁ ኮታው ወደቀ፤ አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራቱም ማንም ሳያፈርሳቸው በሳምንታት ውስጥ ፈረሱ። ገበሬው ጥማድ በሬውን ፈትቶ ቤቱ ወሰደ። ከሟች ቀብር ሁሉ ይህ አማረ፤ የተለቀሰበት ግን የለም። አንዲት አስለቃሽ ብቻ እንዲህ አለች አሉ፦

ስንቱን መንገደኛ ወዴት ነው ሲሉት፣
እርስዎ ያለ ይለፍ እንዴት አለፉት?

ሦስተኛው ቀብር በሕግ ነው። ኅዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ሰው እንዳሻው ይንቀሳቀስ፣ በመረጠበት ይኑር አለ፤ በአንቀጽ 41 ኢትዮጵያዊ በየትኛውም የአገሪቱ ክፍል በመረጠው ሥራ ይተዳደር አለ። ከዚህ የጠለቀ ጉድጓድ የሚቆፍር የለም። ሟችም ተቀበሩ። ግን ቀባሪው ሁሉ አንድ አመል አለው፦ እንጨቱን ይነቅላል፣ ገመዱን ጠቅልሎ ቤቱ ይወስዳል። «ምናልባት» ይላል።

እነሆ በ2015 ከአማራ ክልል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዙ መንገደኞች፣ ሕመምተኛ ያጀበውም ለቅሶ የሚሄደውም፣ በሸኖ በኩል መታወቂያቸው እየታየ ሲመለሱ ነገሩ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን መግለጫ እስከ መሆን ደረሰ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የክልሉም የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ። ከአልዩ አምባ የበርበሬ ዋጋ ለመጠየቅ ሰው በእግሩ የሚላክበት ዘመን ተመለሰ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ቢነሡ እንግድነት አይሰማቸውም ነበር።

ፍተሻ ለምን ኖረ የሚል ሰው የለም። ክላሽ ፈልጎ ጆንያ የሚበረብር ወታደርን እናት ትመርቀዋለች። የትውልድ ቦታ ፈልጎ መታወቂያ የሚያነብ ግን ጭነቱን አይፈትሽም፤ ሰውየውን ነው የሚቀርጠው።

አሁን የሚያስቀይም ነገር ልናገር፤ ድንኳኑን አታፍርሱብኝ። ይህን ገመድ ከመቃብር የሚያወጣው መንግሥት ብቻ አይደለም። እህል ሲወደድ «ከወረዳችን እንዳይወጣ!» ብሎ የሚጮኸው ማን ነው? እኛ ነን። የእኛ ገብስ ሲታገት ግፍ ነው እንላለን፤ የእኛ ገብስ ደብረ ብርሃን ሄዶ ለሌላ ሰው ሲሸጥ ደግሞ ዝርፊያ ነው እንላለን። በርበሬው ከቆላ ሳይከለከል ይምጣልን፣ ባቄላችን ግን እንዳይወርድ! እያንዳንዳችን ኪሳችን ውስጥ አንድ አንድ ክንድ ሲባጎ አለ፤ ባለሥልጣኑ የሚሠራው መቀጠል ብቻ ነው። በእኔም ኪስ አለ፤ አምና ሽንኩርት በተወደደ ጊዜ አውጥቼ አይቼዋለሁ።

ሟች አምስት ልጆች አፍርተዋል፦ ይለፍ፣ መሸኛ፣ ኮታ፣ ኮቴ እና የመጨረሻዋ «ሲስተም የለም»። ኮታ በ1982 ቀድሟቸዋል። የቀሩት በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛሉ፤ ለቅሶም ለመድረስ መጥተው ከድንኳኑ በር ላይ በሁለት ረድፍ ቆመዋል።

ማስታወቂያ፦ የእድሩ ጸሐፊ እንዳስታወቁት ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከደብረ ብርሃን በኩል ለንፍሮ የሚሆን ስንዴ ጭናችሁ የመጣችሁ ከድንኳኑ ከመድረሳችሁ በፊት የምትቆሙበት ቦታ ስላለ መታወቂያችሁንና የገዛችሁበትን ደረሰኝ ከእጃችሁ አታርቁ። አህያ ያላችሁ በጓሮ በኩል ግቡ።