ትንበያችሁ እየያዘ ተቸግረናል

ለሳምንቱ የአየር ጠባይ ትንበያ አዘጋጆች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ትንበያችሁን አልፎ አልፎ እንድትስቱልን ስለመጠየቅ

እንደምን ከረማችሁ? ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል ብዬ አልጠይቅም፤ እሱን የምትነግሩን እናንተ ናችሁ።

ድሮ መልካም ዘመን ነበር። «ይዘንባል» ስትሉ ልብስ አጥበን እናሰጣለን፣ «ፀሐያማ ይሆናል» ስትሉ ዣንጥላ ይዘን እንወጣለን። እናንተም ሥራችሁን ትሠራላችሁ፣ እኛም እንስቃለን፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ዛሬ ግን ሳተላይት አላችሁ፣ ራሱ መዝግቦ ራሱ መረጃ የሚልክ ጣቢያ አላችሁ፣ ሰኞ ያላችሁት ሐሙስ ከተፍ ይላል። በሰፈር ደረጃ መሳታችሁ አልቀረም፤ የእኛ ግቢ ደርቆ ከአስፋልቱ ማዶ ሲወርድ አይተናል። እሱን ይቅር ብለናል። ይቅር ማለት ያቃተን ትልቁን ነገር አለመሳታችሁን ነው።

የሚመጣውን ሳምንት ትንበያ ሳላየው ልጻፍላችሁ? «ለክረምቱ ዝናብ መጠናከር ምቹ የሆኑ የሚቲዎሮሎጂ ክስተቶች ይቀጥላሉ። በምዕራብ፣ በሰሜን ምዕራብና በመካከለኛው የሀገሪቱ ክፍል ከመካከለኛ እስከ ከባድ መጠን ያለው ዝናብ ይኖራል። በጥቂት ቦታዎች ላይ ቅጽበታዊ ጎርፍ ሊከሰት ስለሚችል የሚመለከታቸው አካላት አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርጉ ይመከራል።» ሐምሌ ነዋ! ሌላ ምን ሊባል ነው?

«ምቹ ክስተቶች» የምትሏቸውን ነገሮች ደግሞ ባላውቃቸው ይሻለኝ ነበር። በደቡብ አትላንቲክ፣ በሴንት ሄሌና ደሴት አካባቢ ከፍተኛ የአየር ግፊት አለ። በደቡባዊው የህንድ ውቅያኖስም ማስካሪን የሚባለው ወንድሙ አለ። ክረምት ሲመጣ ሁለቱ ይበረታሉ፣ እርጥብ አየር ወደ ሰሜን ይገፋሉ፣ የዝናብ መቀነቱም እኛ ላይ ይወጣል። ሴንት ሄሌና ናፖሊዮን የተጋዘባት ደሴት ናት፤ ሰውየው ያን ሁሉ ጦር መርቶ ከዚያች ደሴት መውጣት አቅቶት በ1821 እ.ኤ.አ. እዚያው ሞተ። ከዚያው ባሕር የተነሣ እርጥበት ግን ያለ ጉዞ ሰነድ፣ በኮንጎ ደን ላይ አልፎ፣ ሰኔ ላይ እኛ ዘንድ ይደርሳል። ከክፍለ ከተማው ተነሥቶ ሁለት ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ የሚመጣው የቱቦ ጠራጊ ቡድን ግን እስከ ነሐሴ «በመንገድ ላይ ነው» ይባላል።

ቡድኑ ሲመጣም አይተናል። ዝናቡ ከጀመረ በኋላ የቱቦውን ክዳን ያነሣል፣ ደለሉን፣ ፌስታሉን፣ ሃይላንዱን፣ ነጠላ ጫማውን እየዛቀ አፉ ላይ ይቆልላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይሄዳል። ቁልሉን የሚያነሣው ሌላ ክፍል ነው አሉ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይመጣና ቁልሉን አንድም ሳያስቀር ወደነበረበት ይመልሰዋል። በዚህች ከተማ የወሰደውን ንብረት በዕለቱ የሚመልስ ከዝናብ በቀር አላየሁም። ክዳኑ ደግሞ አይመለስም። ጉድጓዱ ላይ ሰፈርተኛው ቅርንጫፍ ይተክልበታል፤ ለሾፌር ምልክት ነው፤ አንዳንዱ ቅርንጫፍ እስከ መስከረም ቅጠል ያወጣል፤ በአረንጓዴ አሻራ ይቆጠርልን ብለን ለመጠየቅ አስበን ነበር።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልምጣ። እናንተ ሰኞ «ከባድ ዝናብ» ትላላችሁ፤ በእናንተ ቋንቋ በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ማለት ነው። ሐሙስ ይዘንባል። ዓርብ አንድ ኃላፊ ቦቲ ጫማ ተጫምተው ካሜራ ፊት ይቆሙና «ከተለመደው ውጪ በጣለ ድንገተኛ ዝናብ» ብለው ይጀምራሉ። እስቲ በእግዜር፣ የሰው ፊት እንዲህ ይነሣል? አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ እንደሚወርድ ከመቶ ዓመት በላይ ተመዝግቦ ተቀምጧል። ይህ አልበቃ ብሏችሁ በየሳምንቱ ታስታውሱናላችሁ። ሰውየው በድንገት ካልተያዙ ምን ብለው ይናገሩ? ተዉላቸው እንጂ! አንድ ሳምንት ብቻ «ደረቅና ነፋሻማ ይሆናል» በሉ፤ ጎርፉ ይምጣ፤ እሳቸውም አንዴ እውነት ይናገሩ።

ለገበሬው የምትጽፉትን ምክር ግን አንብቤ አፍሬአለሁ። «ውሃ በሚተኛባቸው ማሳዎች የማጠንፈፍ ሥራ ይከናወን» ትላላችሁ። የጎጃም ገበሬ ተዳፋት ማሳው ላይ ፈሰስ የሚያወጣው ሲዘራ ነው፤ በሬውን ጠምዶ በዚያው ማረሻ ይሰነጥቀዋል፤ ጨረታ አያወጣም፣ አማካሪ አይቀጥርም፣ የበጀት መዝጊያ አይጠብቅም። ውሃው መውረጃውን ያገኛል። ምክሩን የሚሰማው ሰው ሥራውን ጨርሷል፤ ሥራውን ያልጀመረው ደግሞ ምክሩ ለእሱ መሆኑን አያውቅም።

እዚህ ላይ ጥቂት ከቀልዱ ልውጣ። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ከድሬዳዋ በላይ ባለው ደጋ ሌሊት ዘነበ። ከዓመት እስከ ዓመት አሸዋ ሆኖ የሚከርመው የደቻቱ ወንዝ ከተማው እንደተኛ መጣ፤ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ከዚያ ወዲህ «ይህ ወንዝ ደረቅ ነበር» የሚል ሰው ምን ሊለን እንደፈለገ አይገባኝም። ደረቅ ወንዝ ውሃው ገና ያልደረሰ ወንዝ ነው፤ እናንተ ይህን ታውቃላችሁ፣ ትናገራላችሁም።

ታዲያ አነጋገራችሁ! «በጥቂት ቦታዎች»፣ «ሊከሰት ይችላል»፣ «ጥንቃቄ ይደረግ»። ማን ያድርግ? የአየር ግፊቱን ከነደሴቱ ስትጠሩ ያልፈራችሁ ሰዎች የወንዙን ዳር፣ የወረዳውን ቁጥር፣ የጽሕፈት ቤቱን ስም ለመጥራት ምን ያዛችሁ? ሴንት ሄሌና አትከስም ብላችሁ ነው? ዝናቡ በየትኛው ሰፈር ይጥላል ብላችሁ ለይታችሁ መናገር ባትችሉ እረዳለሁ፤ ሳይንሱም ሁልጊዜ እዚያ አይደርስም። የትኛው ቱቦ እንደተደፈነ ለማወቅ ግን ሳተላይት አያስፈልግም፤ የሰፈር ልጅ ይበቃል።

እንግዲህ ምርጫው የእናንተ ነው። ወይ እንደ ድሮው ሳቱልን፣ ወይም ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ከሚሊ ሜትሩ አጠገብ የኃላፊውን መሥሪያ ቤት ስም አንብቡ። ሁለተኛውን ከመረጣችሁ ግን ዣንጥላ ያዙ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ጎርፍ ዳር የሚኖር ታዛቢ

ግልባጭ፦
ለሚመለከታቸው አካላት
(አድራሻቸውን የሚያውቅ ሰው ስላጣሁ በእናንተ በኩል ይድረስልኝ)