ማሪየንባድን ሳይመለከቱ የመፍረድ ዘዴ

ዳይሬክተር አላን ሬኔ የሠራውና አላን ሮብ-ግሪዬ የጻፈው «ባለፈው ዓመት በማሪየንባድ» እ.ኤ.አ. በ1961 በቬኒስ የወርቅ አንበሳ ተሸልሟል፤ በ1978 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በታተመ መጽሐፍ ከምንጊዜም አምሳ መጥፎ ፊልሞች ተራ ተመድቧል፤ ስለዚህ ሊፈርድበት የተነሣ ሰው በየትኛውም ወገን ቢሰለፍ ተከታይ አያጣም። ሥራው የሙከራ ፊልም ነው፤ ይኸውም ታሪክን በቅደም ተከተል ከመተረክ ይልቅ አተራረኩን ራሱን የሚፈትን ማለት ነው። ባለግርማ ሆቴል ውስጥ አንድ ወንድ አንዲትን ሴት፣ አምና ተዋድደው እንደነበረና አንድ ዓመት እንዲታገሣት ለምናው እንደነበረ ይነግራታል፤ እርሷ አታስታውስም። ለመፍረድ ይህን ያህል ማወቅ ይበቃል።

ፊልሙን የሚጠላው ወገን ብዙ ምክር አያሻውም፤ ሃያ ደቂቃ ተቀምጦ መውጣትና በር ላይ «ይሄም ፊልም ነው?» ማለት ይበቃዋል።

የአድናቂው መንገድ ግን ረጅም ነው። ከሁሉ አስቀድሞ «ይህ ፊልም የሚሰማ እንጂ የሚገባ አይደለም» የሚለውን አባባል በቃሉ ሊይዝ ይገባዋል፤ ይህን ያለ ሰው ስለ የትኛውም ትዕይንት ተጠይቆ አያውቅም። ቀጥሎም «አዲሱ ልቦለድ» የሚለውን ስያሜ፣ ማለትም ሮብ-ግሪዬና ባልደረቦቹ በ1950ዎቹ ሴራንና ሥነ ልቦናን ገሸሽ አድርገው የነገሮችን ገጽታ በዝርዝር የገለጹበትን የአጻጻፍ ስልት፣ ትርጉሙን ሳይናገር ደጋግሞ ይጥራ። የአትክልት ስፍራው ትዕይንት ሲመጣ፣ ሰዎቹ ረጅም ጥላ ሲጥሉ ሾጣጣ ሆነው የተከረከሙት ዛፎች ምንም ጥላ እንደሌላቸው ጎረቤቱ ራሱ ሳያስተውል ቀድሞ ይንገረው። ሴትዮዋን ሆና የተወነችውን የዴልፊን ሴሪግን ልብሶች ያቀረበችው ኮኮ ሻኔል እንደሆነችም ያስታውሰው። ጎረቤቱ «ሴትዮዋ ግን የፈራች አትመስልም?» ብሎ የጠየቀ እንደሆነ በአዘኔታ ፈገግ ማለት ግዴታ ነው።

እንቆቅልሽ ፈቺው ወገን ከሴትዮዋ ይልቅ ክብሪቱን ይመልከት። ባሏ ሳይሆን የማይቀረው ቀጭኑ ሰው የሚያሸንፍበት ጨዋታ «ኒም» ይባላል፤ አንድ፣ ሦስት፣ አምስትና ሰባት ሆነው በአራት ረድፍ ከተደረደሩ 16 ክብሪቶች ተጫዋቾቹ በየተራቸው ከአንድ ረድፍ የፈለጉትን ያህል ሲያነሡ የመጨረሻዋ የደረሰችው ይሸነፋል። ሁለተኛ የሚጫወተው ስሌቱን ካወቀ እንደማይረታ ያረጋገጠ ተመልካች ፊልሙን ፈታሁት ብሎ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል።

ፍቅር ነው ብሎ የሚያሞግሰው ግን እዚህ ላይ ሊወቀስ ይገባል። ሴትዮዋ ያንን አምና ተዋድደን ነበር የሚላትን ሰው እንዲተዋት ደጋግማ ትለምነዋለች፤ ሰውየው አይተዋትም። በሮብ-ግሪዬ ጽሑፍ ላይ ሴትዮዋ የምትደፈርበት ትዕይንት ነበረ፤ ሬኔ ያንን አልቀረጸም፤ በምትኩ ካሜራው በሚያጥበረብር ብርሃን ውስጥ እጆቿን ወደ ዘረጋችው ሴት ደጋግሞ ይገሰግሳል። ያ እቅፍ የእርሷ ትዝታ ነው ወይስ የእርሱ ምኞት? ስልሳ ዓመት ሙሉ «ድንቅ ነው» እና «ድብርት ነው» እየተባባሉ ይህን ሳይጠይቁ መቅረት ጥበብን ማክበርም መናቅም አይደለም፤ ፊት ለፊት የቆመችን ሰው አለማየት ነው።

ይህ ወቀሳ ከምክሩ መስመር የወጣ ስለሆነ አንባቢው ይለፈው። የቀረው አንድ ምክር ብቻ ነው፤ ሰዓቱ እኩለ ሌሊት ሲመታ ሴትዮዋ ተነሥታ ከሰውየው ጋር ስትወጣ፣ ወዳ ይሁን ተሸንፋ ከፊቷ ለማንበብ አንገቱን የሚያሰግግ ተመልካች በአጠገብ ካለ፣ የፊልሙ የኦርጋን ሙዚቃ ምን ያህል ግሩም እንደሆነ በዚያው ቅጽበት ጮክ ብሎ ሊነገረው ይገባል።