21.3 ማይል

ቨርጂኒያ ውስጥ ከሆስፒታል ሆስፒታል እየዞርን ለወገን የምናስተረጉም ሰዎች ስንገናኝ ሰላምታችን አጭር ነው። ጤና ይስጥልኝ ሳያልቅ «የናንተ ኤጀንሲ ማይል ይከፍላል?» ይከተላል። ኮንትራክተሮች ነን፤ ዓመቱ ሲያልቅ የሚላክልን ወረቀት ቴን ናይንቲ ናይን ነው። መኪናው የራሳችን፣ ቤንዚኑ የራሳችን፣ ጎማው የራሳችን። የኤጀንሲው ድርሻ ማይሉን መጠራጠር ነው።

የኔ ውል እንዲህ ይላል፦ መሄጃው ከ20 ማይል ካነሰ አይከፈልም፤ ካለፈ ደርሶ መልሱ በማይል 45 ሳንቲም ይታሰባል። በ2025 ኦክቶበር ላይ ከአሌክሳንድሪያ ተነሥቼ ዉድብሪጅ አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ሄድኩ። የመኪናዬ ቆጣሪ 21.3 አለ። የኤጀንሲው ካርታ 19.4 አለ። ጠቡ እንግዲህ በ19 ዶላር ከ17 ሳንቲም ነው።

አቤቱታ ጻፍኩ። አይ ናይንቲ ፋይቭ ላይ አደጋ ደርሶ በጎን እንደዞርን፣ ካርታ ቢሮ ተቀምጦ ሲለካ እኔ ግን ጎማ እየጨረስኩ እንደምለካ አስረዳሁ። (ስልክ ሳወራ መውጫዬን አልፌ እንደተመለስኩ አልጻፍኩም። ማን ጠየቀኝ?) የቆጣሪውን ፎቶም አያያዝኩ። በማግስቱ መልስ መጣ፦ ፎቶው መድረሻውን እንጂ መነሻውን አያሳይም። እውነታቸውን ነው። ፎቶው አጥርቶ የሚያሳየው የበራውን የቤንዚን መብራትና ዳሽቦርዱ ላይ የቀረ የአምባሻ ፍርፋሪ ነው።

ነገሬን ይዤ ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ወደምንሰበሰብበት ቡና ቤት ሄድኩ። አንዱ «መንግሥት በማይል 70 ሳንቲም ብሎ ቆርጦ ሳለ እንዴት 45 ይሰጡሃል?» ብሎ ተቆጣ። 70ው አይአርኤስ ለ2025 የታክስ ሒሳብ ያወጣው መጠን እንጂ ለኮንትራክተር ይህን ክፈሉ የሚል ትእዛዝ እንዳልሆነ ቢነገረው፣ ወይ ፍንክች! ሌላው፣ ካርታቸው የሚለካው ከፖስታ ቤት እስከ ፖስታ ቤት ነው ብሎ ማለ። በዕድሜ የሚበልጡን ጋሼ ደግሞ የበላ ልበልሃ ዘመን የተመለሰ መስሏቸው ጃኬታቸውን እንደ ኩታ አጣፍተው ተነሡና ማኪያቶውን «ተጠየቅ!» አሉት። ሒሳቡ የባለጉዳይ ነውና 26 ዶላር ከፈልኩ።

ክሊኒክ ከሄድኩበት ከዚያ ቀን ሥራ በደንብ የማስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሐኪሙ የማስተረጉምላቸውን እማማ «ሳያምዎት ስንት ማይል ይራመዳሉ?» ሲላቸው «ከቤቴ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር። ደረጃው ላይ ግን አርፋለሁ» አሉ። እንዳሉት ተረጎምኩ። ሐኪሙም ጻፈው። ፎቶ ያምጡ አላላቸውም።

አራተኛው ኢሜይሌ ላይ ኤጀንሲው «ለመልካም ግንኙነታችን ሲባል» ብሎ ከፈለኝ። ወሩን ሙሉ ላገኘሁት ሁሉ ድሌን ተረክሁ፤ ሲያዳምጡ የቆዩት ሰዎች በኋላ በኋላ ከሩቅ ሲያዩኝ ስልክ የሚያነሡት ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ማርች ላይ ታክስ ወደምትሠራልኝ እህት ሄድኩ። «ከሥራ ወደ ሥራ ስትነዳ ያልተከፈለህን ማይል በሙሉ በ70 ሳንቲም እናወራርዳለን። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ለምን እንደሄድክ የጻፍክበትን ብቻ አምጣ» አለችኝ። ዓመቱን ሙሉ ከማናሳስ እስከ ሮክቪል ስመላለስ ከርሜ አንድ ቀን እንኳ እስክሪብቶ አላነሣሁም። ግን ባዶ እጄን አልነበርኩም፤ አንድ ጉዞ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ፣ ከነፎቶውና ከነአራት ኢሜይሉ ታትሞ በፕላስቲክ ማኅደር ተቀምጧል። ደረቴን ነፍቼ አቀበልኳት።

ገጽ በገጽ አየችው። መነጽሯን አውልቃ አየችኝ።

«ይሄማ ተከፍሎሃል» አለች።