የዲንሾ ጦስኝና የእኔ ብጉር

«ብጉር ከጉርምስና ጋር ያልፋል» ያሉኝ ሁሉ ዕዳ አለባቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶኝ አገጬ አሁንም የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አገጭ ነው። ስለዚህ ማስተርሱን የሚሠራ ጓደኛዬ «ዲንሾ ልሄድ ነው፤ ጦስኝ አምጥቼ በፊት መታጠቢያ ውስጥ፣ ብጉር በሚያመጣው ባክቴሪያ ላይ እሞክረዋለሁ» ሲለኝ ቦርሳውን ልሸከም የተነሣሁት ለሳይንስ ብዬ አይደለም።

ባሌ ውስጥ ያለው ዲንሾ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ጥር ላይ ጠዋት ሣሩ በአመዳይ ነጭ ነው፤ ከርከሮዎቹ ግን ምንም ሳይመስላቸው ተንበርክከው ይግጣሉ። እዚያ ባለው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ቅጠል መቁረጥ ክልክል ስለሆነ ጦስኙን ከአንዲት የሻይ ቤት ባለቤት ገዛን። ጓደኛዬ «አዴ» ሲላቸው እኔም «አዴ» አልኩ። ለምን እንደምንፈልገው ስንነግራቸው አገጬን አየት አድርገው፣ «ይኼ እኮ ለሻይ ነው ልጄ» አሉኝ።

ጓደኛዬ ድርሻውን ጥላ ውስጥ አንጠለጠለ። እኔ ቸኩያለሁ፤ የኔን ትኩስ ቆርቆሮ ላይ አሰጣሁት። አዴ ሲያልፉ አፍንጫቸውን ወደ ቆርቆሮው ጠጋ አድርገው፣ «ሽታውን ለፀሐይ ሰጠኸው!» አሉ። ለካ የጦስኝ ጉልበቱ ሽታው ውስጥ ነው፤ ካርቫክሮልና ታይሞል የሚባሉት፣ ሙቀት ሲያገኙ የሚተኑት ዘይቶች።

ጥፋቱ ግን የጓደኛዬም ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የሊድስ ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጦስኝን ዘመድ ታይምን፣ ከርቤንና ማሪጎልድን በአልኮል ዘፍዝፈው ሲሞክሩ፣ ታይሙ ቤንዞይል ፐሮክሳይድ ከሚባለው የብጉር መድኃኒት እንኳ በልጦ መገኘቱን የነገረኝ እሱ ነው። «በላቦራቶሪ» የምትለዋን ቃል ጆሮዬ ዘለላት። ያኑ ማታ ጦስኜን አፍልቼ ከዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጋር በሃይላንድ ጠርሙስ በጠበጥኩ። ጠዋትና ማታ፣ በዚያ በረዶ በሚያህል ውሃ። በሦስተኛው ቀን ፊቴ እንደ ተቀቀለ ድንች ተላጠ። ባሌን ለቅቀን አዲስ አበባ ስንገባ ደግሞ የተረፈው ተበላሽቶ፣ ጠርሙሱ አፍ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ አብቅሎ ጠበቀኝ። ገዳይ ብዬ የቀመምኩት ራሱ መኖሪያ ሆነ።

ጓደኛዬ ስቆ ስቆ ሲያበቃ፣ «አዲስ በጥብጥና አምጣ፣ ለጨዋታ ላስገባልህ» አለኝ። የብጉሩ ባክቴሪያ፣ ኪውቲባክቴሪየም አክነስ፣ በቆዳችን ቀዳዳ ውስጥ አየር ሳይፈልግ የሚኖር ስለሆነ ከነሳህኑ ማሰሮ በሚመስል ዕቃ ታሽጎ፣ በ37 ዲግሪ ቀናት ይቆያል። ከመታሸጉ በፊት ባክቴሪያው በሚያድግበት፣ አጋር በሚባለው ጄል ላይ አራት ጉድጓድ ቀደደ፦ የሱ የጥላ ጦስኝ፣ የኔ የፀሐይ ጦስኝ፣ የኔ ጦስኝ ከሳሙናው ጋር፣ ሳሙናው ብቻውን።

ሲከፈት የሱን ጦስኝ ዙሪያ ባክቴሪያ የሌለበት ጥርት ያለ ክብ ከቦታል። የኔ ጦስኝ ጋ ምንም። ቅልቅሌ ግን ደህና ክብ ሠርቷል! እጄን ላነሣ ስል ወደ አራተኛው ጠቆመኝ። ሳሙናው ብቻውን ያንኑ የሚያህል ክብ ሠርቷል።

«ያንተን ፀሐይ በልቶታል፤ የገደለው የዕቃው ሳሙና ነው። እሱም ቢሆን እዚህ ቀናት ተኝቶበት ነው፤ አንተ ፊት ላይ የሚቆየው አንድ ደቂቃ።»

«ታዲያ በሳሙናው ብቻ ልታጠብ?»

መልስ አልሰጠኝም። ልክ እንደ አዴ አገጬን አየት አደረገና ሳህኑን ከደነ።